አምስቱ የገሱባ ሽማግሌዎች

በሚያዝያ 1957 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በሶዶ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ደወል ሳይደወል ቀረ። ደወል ይባል እንጂ ዋንዛ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ መምቻውም ክንድ የሚያህል ብረት ነው። ዘበኛው አባ ሶርሳ ብረቱን ከዋንዛው ሥር ቢፈልጉት አጡት። ተማሪው «ዛሬስ ትምህርት የለም» ብሎ መፈንደቅ ሲጀምር ሽማግሌው እየተራገሙ ክፍል ለክፍል ዞሩና በመጨረሻ የመጻሕፍት ክፍሉን ከፈቱ። ብረቱ እዚያ ወለሉ ላይ ወድቋል። አጠገቡ የታሪክ አስተማሪው ደገፉ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው ሁለት ጊዜ በስሙ ጠሩት። በሦስተኛው ማጅራቱን አዩ።

መቶ አለቃ ዱባለ ከፖሊስ ጣቢያ በእግሩ መጣ። አጭር፣ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው። አዲስ አበባ ስድስት ወር የጣት አሻራ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ያገኘውን ሰው ሁሉ ጣት ቀለም ስለሚያስነካ ባልደረቦቹ «የጣት አባት» ይሉታል። እሱም ቅጽል ስሙን አይጠላውም፤ የሚሳቅበት ሰው ፊት ሰዎች አፋቸውን እንደማይጠብቁ ያውቃል።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ጉልላት ከበሩ ላይ ተቀበሉት። ቁመታሙና ሽክ ያሉት ዳይሬክተር እጁን ጠበቅ አድርገው ጨበጡት።

«መቶ አለቃ፣ ነገሩ ያሳዝናል እንጂ አያደክምም። ገዳይዋን ይዘንልዎታል።»

«ገዳይዋን?» አለ ዱባለ።

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጥሩነሽ ኤርካሎ። ቢሮዬ ውስጥ ናት፣ ከጣቢያ ቀድሞ የደረሰው ወታደር ቦጋለ ይጠብቃታል።»

«ፈጣን ናችሁ» አለ ዱባለ፤ አመሰገነ ወይም ተሳለቀ ለማለት ያስቸግራል።

አስከሬኑን ለብቻው ሆኖ አየው። ምቱ ከኋላ ነው፤ ደገፉ ከመቀመጫው አልተነሣም፣ ዞርም አላለም። በቀኝ እጁ የሳይንስ ክፍል አጉሊ መነጽር ጨብጧል። ጠረጴዛው ላይ ደም ተረጭቷል። ከደሙ ላይ ደግሞ የተማሪ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ ከላይ ንጹሕ፣ ከሥር ግን የደረቀ ደም የነካው። በጽሑፉ ሽፋን ላይ «የአንድ ገበያ ታሪክ፣ በጥሩነሽ ኤርካሎ» ይላል። ሌሎቹ ስድስት የተማሪ ጽሑፎች መደርደሪያው ላይ ነበሩ።

ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ሟቹ በእጁ የጻፈው ካርቶን ተለጥፏል፦ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።» ከታቹ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ «ማን አለ? የት? መቼ?»

«ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀ ዱባለ ከክፍሉ ወጥቶ።

ዳይሬክተሩ ተነፈሱ። «የሟቹ አመል ነው። ተማሪ ስለ ታሪክ አንድ ነገር ከጻፈ የነገረውን ሰው ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በወረቀት ማምጣት አለበት። የነገረው ሽማግሌ መጻፍ ካልቻለ አውራ ጣቱን ያትማል። ደገፉ ወረቀቱን የተቀበለ ዕለት በቀይ እርሳስ ምልክትና ቀን ያደርግበታል። በዚያም አያበቃም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ሁምቦ ቆላ በእግሩ ወርዶ ሽማግሌውን ‹እውነት እንዲህ ብለዋል?› ብሎ ይጠይቃል። ይህች ልጅ ደግሞ አምስት የገሱባ ሽማግሌዎች ፈጠረች። ወረቀቶቹን ጽሑፏ ውስጥ ያገኟቸዋል። ቅዳሜ ከዚሁ ክፍል ሆና ‹ሰዎቹ የሉም› ስትል በመስኮት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከታወቀባት ኮሌጅ መግባቷ ቀረ ማለት ነው። ምክንያቱ ይኸው።»

«እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?»

«ኦቶና። አክስቴ ወይዘሮ ሳህሊቱ ሆስፒታል ተኝታለች። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ከአጠገቧ አልተለየሁም።»

ዱባለ ወታደር ቦጋለን ጠርቶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረውና ወደ ኦቶና ላከው።

የቤት አያያዝ አስተማሪዋ ወይዘሪት ወይንሸት ዓይኗ አብጦ ጠበቀችው። ከደገፉ ጋር ሊጋቡ ነው ተብሎ ሲወራ ከርሞ ነበር፤ ሰሞኑን ደግሞ ተጣልተዋል ይባላል። ሶዶ ውስጥ ወሬ ከፖስታ ይፈጥናል።

«ተጣልታችኋል?»

«አዎ። እሑድን እንኳ ከወረቀት ጋር ነው የሚያሳልፈው። ‹አግባኝ ወይም ወረቀትህን አግባ› አልኩት።» እንባዋን ጠረገች። «ትናንት ግን ሰባት ሰዓት ላይ ያንን አጉሊ መነጽር አምጪልኝ ብሎ ላከብኝ። ወሰድኩለት። ‹ለምንህ ነው?› ብለው ‹አምስት ሽማግሌዎች ሊጎበኙኝ ስለሆነ ደኅና ዓይን ያስፈልገኛል› ብሎ ሳቀ። እንግዳ ይመጣበታል ብዬ ቶሎ ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ።»

«ማን ነው የሚያመጣቸው አላለም?»

«አላለም። እኔም አልጠየቅሁም። እሱ ቢሆን ይጠይቅ ነበር።»

ጸሐፊው ተክለጻድቅ ጥያቄ ሳይጀመር ላብ ላብ አለው። ዱባለ ከጥሩነሽ ጽሑፍ ውስጥ የወጡትን አምስት ወረቀቶች ዘረጋለት። በጽሕፈት መኪና የተጻፉ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሽማግሌ ስም፣ አጭር ቃሉና አንድ ሐምራዊ የጣት አሻራ አለ።

«ይህ የማን መኪና ነው?»

«የኛው ነው። ጭንቅላቷ የተሰበረ ፊደል አለበት። ቀለሙም የማኅተማችን ነው» አለ ተክለጻድቅ። «እኔ ግን አልጻፍኩትም፣ ጌታዬ። መኪናውም የማኅተም ቀለሙም የሚቆለፍበት ክፍል ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እኔ ጋ ነው፣ አንዱ ዳይሬክተሩ ጋ። ከልጅቱ ጋር ተስማምተህ ነው እንዳይሉኝ። የልጆች አባት ነኝ።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ሁምቦ፣ የሚስቴ ወንድም ሰርግ ላይ። ዛሬ ማለዳ ነው በጭነት መኪና የገባሁት።»

በመጨረሻ ዱባለ ወደ ልጅቱ ገባና ዳይሬክተሩን በትሕትና ከቢሯቸው አስወጣ። ጥሩነሽ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀጭን ናት፤ አገጯ ግን ቀጥ ብሏል። ዱባለ በወላይትኛ «ሳሮ፣ ልጄ» አላት። በቤቷ ቋንቋ ሰላምታ ስትሰማ ያን ጊዜ አለቀሰች። እሱም ወንበር ስቦ እስኪወጣላት ተቀመጠ። ይህች ልጅ ወደ ይርጋለም ተልካ ችሎት ብትቆም አምስት የሐሰት ወረቀትና አንድ ዳይሬክተር ይመሰክሩባታል፤ ለእሷ የሚመሰክር አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ሞቷል። ዱባለ አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ብዙ ጊዜ አይቷል።

«ቅዳሜ ምን ብለሽ ጮኽሽ?»

«አልጮኽኩም፣ ጋሼ። ድምፄ ትልቅ ነው። መምህር ደገፉን ‹ሰዎቹ የሉም› አልኳቸው።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

ልጅቱ ወደ በሩ አየች። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሁለት ጫማ ጥላ ይታያል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ጽሑፌን ያንብቡት። እሱ ምንጭ አለው።»

«እነዚህ አምስቱ ወረቀቶች ያንቺ ናቸው?»

«አይደሉም። የኔ አራት ናቸው፣ ጥቁር ናቸው። ገጠር የማኅተም ቀለም ከየት ይመጣል? የድስት ጥላሸት በቅቤ አሽተን ነው የምናሳትማቸው።»

እውነቷን ነው። ከጽሑፉ ኋላ አራት ሌሎች ወረቀቶች ተሰፍተዋል፤ በእጅ የተጻፉ፣ አሻራቸው ጥቁር፣ በእያንዳንዱ ላይ የደገፉ ቀይ ምልክትና ቀን አለ። በሐምራዊዎቹ አምስት ላይ ቀይ የሚባል ነገር የለም። ዱባለ የቀለም ሰሌዳውን ከኪሱ አውጥቶ አሥሩንም ጣቶቿን አሳተማት።

«የኮሌጅ ፎርምሽ የት ነው?»

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ። የዳይሬክተሩ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከሚነሳው የፖስታ መኪና ካልደረሰ ዘንድሮ አለቀ። አባቴ ደግሞ ሌላ ዓመት አይጠብቅም፣ ጋሼ። ሽማግሌ ተልኮብኛል።»

ዱባለ ዋንዛው ሥር ተቀምጦ ጽሑፉን ከርዕሱ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ከዚያም ብዙ ሰው የማይደርስበትን የገጾቹን ግርጌ አነበበ። አራተኛው የግርጌ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «ትምህርት ቤታችን ያባዛው አጭር የታሪክ ጥንቅር፣ ገጽ 12፣ የአምስት ሽማግሌዎች ቃል።» ጎኑ ላይ በቀይ እርሳስ «ይህ አይበቃም። ከጥንቅሩ ጀርባ ያሉትን ሰዎች ፈልጊ» ተብሏል። ዱባለ ጥንቅሩን ከመደርደሪያው አስመጣ። ሽፋኑ ላይ ሦስት ስም አለ፦ ያዘጋጀው ጉልላት፣ የተየበው ተክለጻድቅ፣ ካርታውን የሣለችው ወይንሸት። ገጽ 12 ላይ ከገሱባ ማዶ ያለ አንድ ገበያ በማን እንደተቆረቆረ ያወሱ አምስት ሽማግሌዎች ስም ተዘርዝሯል። ስሞቹ በሐምራዊዎቹ ወረቀቶች ላይ ያሉት ናቸው፣ አንድም ሳይጎድል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰበሰባቸው። ወታደር ቦጋለ ከኦቶና ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ዳይሬክተሩ ከፊት ወንበር እግራቸውን አነባብረው፣ ተክለጻድቅ ከኋላ ጥግ፣ ወይንሸት ከመስኮቱ አጠገብ፣ ጥሩነሽ ከአባ ሶርሳ ጎን ተቀመጡ። ዱባለ ጠመኔ አነሣ።

«እኔ ዛሬ የመምህር ደገፉ ተማሪ ነኝ» አለ። «ምንጩን የማልነግራችሁን ነገር አልናገርም። ከተናገርኩ አስቁሙኝ።»

«ጊዜ ባናባክን» አሉ ዳይሬክተሩ።

«መምህሩ የሞተው አሻራ ሲመረምር ነው። ምንጭ፦ በእጁ የነበረው አጉሊ መነጽርና ወይዘሪት ወይንሸት፣ እሑድ ሰባት ሰዓት። ይጎበኙኛል ያላቸው አምስት ሽማግሌዎች በእግራቸው የሚመጡ አልነበሩም፤ በወረቀት ነው የመጡት። ወረቀቶቹን ያመጣቸው ሰው ከኋላው ቆሟል። መምህሩ አልጠረጠረውም፣ አልፈራውምም።»

«እኮ ልጅቱ!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ልጅቱ አይደለችም። ጽሑፏ ከሥሩ ደም ነክቶታል፣ ከላዩ ግን ንጹሕ ነው። ምንጭ፦ እኔ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ከአስከሬኑ አጠገብ። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ገዳይዋ እሷ ብትሆን ወረቀቶቹን ይዛ ትሄድ ነበር እንጂ ስሟን ከሬሳው ፊት አስቀምጣ አትሄድም። ደግሞም ወረቀቶቹ የመምህሩ ቀይ ምልክት የላቸውም። ከተማሪ እጅ ተቀብሏቸው አያውቅም ማለት ነው። አሻራዎቹም ዛሬ ካሳተምኳቸው አሥር ጣቶቿ አንዱንም አይመስሉም።»

«ታዲያ በመኪና የሚጽፈው ማን ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ ወደ ኋላ ዞረው። «ተክለጻድቅ ነዋ። ቁልፉ እሱ ጋ ነው።»

ተክለጻድቅ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ተክለጻድቅ እሑድ ሙሉ ቀን ሁምቦ ነበር። ምንጭ፦ ዛሬ ጠዋት ያመጣው ሾፌር። ሰርጉ ላይ አብሮት ጨፍሯል፤ እንዲያውም አጨፋፈሩ ያሳዝናል ብሎኛል።» አባ ሶርሳ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። «ቁልፉ ግን ሁለት ነው። ምንጭ፦ ራሱ ተክለጻድቅ።»

ከዚያ ዱባለ አምስቱን ወረቀቶች ጥቁር ሰሌዳው ላይ በተርታ ለጠፋቸው።

«እስቲ እነዚህን ሽማግሌዎች ተዋወቋቸው። ሁሉም ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው ይላል ወረቀቱ። የመጀመሪያው አሻራ ሰፊ ነው፣ እሺ፣ አውራ ጣት ነው። ሁለተኛው ጠበብ ይላል። የአምስተኛው ደግሞ የሚጠባ ሕፃን ጣት ይመስላል። እኔ የብዙ ገበሬ አውራ ጣት አሳትሜያለሁ፤ ስድሳ ዓመት መቆፈሪያ የያዘ እጅ እንዲህ ያለ ጣት አይኖረውም። ወይዘሪት ወይንሸት፣ እባክሽ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን አጠጋግተሽ ያዢልኝ።»

ወይንሸት ወረቀቶቹን አጠጋጋቻቸው። እጇ ላይ እንዳሉ ፊቷ ተለወጠ። በሁለተኛው አሻራ ላይ አንድ ነጭ መስመር አለ፣ የስለት ጠባሳ። መስመሩ ሦስተኛው ላይ ይቀጥላል፣ አራተኛው ላይ ያበቃል።

«በሦስት መንደር የሚኖሩ ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ስለት፣ በአንድ ጊዜ ተቆርጠዋል» አለ ዱባለ። «አምስቱም የሚኖሩት አንድ እጅ ላይ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳያስበው የራሱን መዳፍ አየ። መዳፉን ያላየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል።

«አቶ ጉልላት፣ እጅዎን ያሳዩን።»

«ሚስማር ወግቶኛል። ቁስል አለበት።»

«ትናንት ለአክስትዎም ይህንኑ ነግረዋቸዋል። ወይዘሮ ሳህሊቱ ለቦጋለ እንዳሉት የመጡት በሰባት ሳይሆን በአሥር ሰዓት ነው፤ እጅዎን በመሐረብ ጠቅልለው ነበር፣ ቆጮ ቢያቀርቡልዎ በግራዎ በሉ። ዛሬ ጠዋት ግን በዚያው እጅ ጨብጠውኛል፤ ቁስል ያለበት ሰው እንዲያ አይጨብጥም። መሐረቡ የሸፈነው ሐምራዊ ቀለም ነው።»

ቦጋለ ቀረብ አለ። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ። በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ጫፍ ላይ፣ በልጅነት የማጭድ ስለት የጨበጠ ሰው ጠባሳ ነበር። በጥፍሮቻቸው ሥርም ሳሙና ያልደረሰበት ሐምራዊ ቀርቷል።

«ታሪኩን የነገረኝ አያቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ገበያውን የቆረቆረው እሱ ነው ብሎኛል። ሚኒስቴሩ ‹ምስክር› ሲለኝ ስም ፈጠርኩ። በዚያ ጥንቅር ነው አዲስ አበባ ሹመት የተሰጠኝ፤ ሐምሌ ላይ ልሄድ ነበር። ማን ገሱባ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል ብዬ?»

«እኔ ሄድኩ» አለች ጥሩነሽ።

ዳይሬክተሩ አላዩዋትም።

«ደገፉ ቅዳሜ መጥቶ የሽማግሌዎቹን አሻራ ያሳዩኝ አለ። እሑድ አመጣለሁ አልኩት። ወረቀቶቹን አይቶ ሳቀ። ‹ጋሼ፣ ትንሿን ጣትዎን እንኳ ቢምሯት ምን ነበረበት?› አለኝ። ባይስቅብኝ ኖሮ እጄ አይነሣም ነበር።»

«ብረቱን ከዋንዛው ሥር አንሥተው የገቡት ግን ከመሳቁ በፊት ነው» አለ ዱባለ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኚህ ሰውዬ ጠምጥመው ነበር የጨረሱት። ከሁሉ የሚገርመው፣ ወንጀላቸውን ሊደብቁ የመረጡት ጽሑፍ በግርጌ ማስታወሻው የራሳቸውን ጥንቅር ገጽ የሚጠቁም መሆኑ ነው። የዕድሜ ልክ አስተማሪ ሆነው ግርጌ አንብበው አያውቁም።

ቦጋለ እጃቸውን ከፊት አሰረ። ተክለጻድቅ ያን ጊዜ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ ደንገጥ አለና ወደ ቢሮው ሮጦ የጥሩነሽን ፎርም ይዞ መጣ።

«ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ ነው። የፖስታ መኪናው…»

«አምጡት» አሉ አቶ ጉልላት። የታሰረ እጃቸውን ዘረጉ። «ልፈርምላት። ይገባታል። ያለኔ ፊርማ አይቀበሏትም።»

ተክለጻድቅ ብዕሩን አቀረበ። ሁሉም ልጅቱን ያያል። ዱባለ ውስጡ «ፈርምልኝ በይው፣ ልጄ» ይላል፤ አንድ መስመር ቀለም ነው፣ ከአንድ መስመር ቀለም ወዲያ አዲስ አበባ አለ፣ ወዲህ ደግሞ የተላከ ሽማግሌ። ነገር ግን ይህን የሚወስነው እሱ አይደለም።

ጥሩነሽ ፎርሙን ከተክለጻድቅ እጅ ወሰደች።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች ለአቶ ጉልላት፤ አንቱታውንም አልቀነሰችም። «በዚህ እጅ ተፈርሞ ብሄድ፣ ‹ማን መሰከረልሽ?› ብለው ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

ፎርሙን ለወይንሸት ሰጠቻት። ወይንሸት በዳይሬክተሩ ቦታ ላይ ስሟን ጽፋ ፈረመችና ከሥሩ «አስተማሪ» ብላ ጨመረች። ኮሌጁ እንዲህ ያለ ፎርም ይቀበል እንደሆነ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። አባ ሶርሳ ፖስታውን ተቀብለው በእርጅና እግራቸው ሮጡ።

በሰኔ መጨረሻ ኮሌጁ መለሰ፦ ፎርሙ የዳይሬክተር ፊርማ ስለሌለው ምክንያቱ ከማስረጃ ጋር ይገለጽ። ጥሩነሽ ሰባት ገጽ ጽፋ ምንጮቿን በቁጥር ዘርዝራ ላከች። ዱባለ ግልባጩን ጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ አነበበው። ቁጥር ሁለት እሱ ነው፣ ቁጥር ሦስት ወይዘሪት ወይንሸት፣ ቁጥር አራት ዘበኛው። ለእያንዳንዳቸው የት እንደሚገኙ ጽፋለች፣ የሚጠራጠር ሄዶ እንዲጠይቃቸው። ከሁሉ በፊት ያለውን ግን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነበበውና ወረቀቱን አጥፎ ደጅ ወጣ።

«ምንጭ አንድ፦ መምህር ደገፉ፣ ቅዳሜ፣ በመጻሕፍት ክፍል። አሁን ሊጠየቁ አይችሉም።»